የት ነህ ብሎ ስለ መጠየቅ

የእሑድ አምልኮ ተፈጽሞ ምእመናን ከደጅ ሲወጡ የሚሆነውን ነገር ሁላችንም እናያለን። ሽማግሌው ባርኔጣውን ሳይደፋ፥ እናቲቱ ነጠላዋን ሳታስተካክል፥ ወጣቱም ለባልንጀራው እጁን ሳይሰጥ፥ እያንዳንዱ ወደ ኪሱ ወይም ወደ ቦርሳው ገብቶ ስልኩን ያወጣል። በዚያም ውስጥ ተጽፎ የሚቈየው ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «የት ነህ?» ወይም «የት ነሽ?» የሚል። እኛም ራሳችን ከእነዚሁ ሰዎች መካከል ስለ ሆንን፥ ይህን የምንጽፈው በማንም ላይ ለመፍረድ አይደለም።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በመጽሐፍ ቅዱስ እግዚአብሔር ሰውን መጀመሪያ የጠየቀው ይህንኑ ነው። አዳምና ሔዋን በገነት ዛፎች መካከል በተሸሸጉ ጊዜ፥ ሁሉን የሚያየው ጌታ ስፍራቸው ጠፍቶበት አልጠየቀም። አዳም በገዛ አፉ እንዲመልስ፥ ከተሸሸገበትም በገዛ እግሩ እንዲወጣ ፈቀደለት እንጂ። ማየት የሚችለው መጠየቅን መረጠ ማለት ነው። ዛሬ ግን እኛ ሳንጠይቅ የምናይበት መሣሪያ በእጃችን ገብቷል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ልንመረምር እንወዳለን፤ የምንወደው ሰው ያለበትን ስፍራ ሁል ጊዜ ማየት የፍቅር ሥራ ነውን? ወይስ የፍቅርን ልብስ የለበሰ ሌላ ነገር ነው?

አስቀድመን ምስጋና እናቅርብ። የተቀበሉትን በረከት ሳያመሰግኑ ጉድለቱን ብቻ መቍጠር መልካም አይደለምና። ከእኛ መካከል ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች፥ ባሕር ማዶ ከሄደ ልጅ ደብዳቤ እስኪመጣ ድረስ ስንት ወር ይጠበቅ እንደ ነበር ያስታውሳሉ። በመጣም ጊዜ ከደብዳቤው ግማሽ የሚያህለው ሰላምታ ነበር፤ ከአያት እስከ ጎረቤት ስሙ ያልተጠራ ሰው ቅር ይለው ነበርና። ኋላም ድምፅን በካሴት ቀርጾ በመንገደኛ እጅ መላክ መጣ፤ ቤተ ሰቡ ሁሉ በቴፑ ዙሪያ ተቀምጦ እያለቀሰ ይሰማ ነበር። ወደ ውጭ አገር በስልክ ለመነጋገር የፈለገም ወደ ቴሌ መሥሪያ ቤት ሄዶ ተራውን ይጠብቅና፥ «ደኅና ነህ?» «ደኅና ነኝ» እየተባባለ ገንዘቡ ያልቅበት ነበር። ለቅሶውም እንኳ በደቂቃ ይቈጠር ነበር።

ስካይፕ እ.ኤ.አ. በ2003 በተከፈተ ጊዜ ይህ ዕዳ መቅለል ጀመረ (እርሱ ራሱ በ2025 ተዘግቷል)። በ2009 ዋትስአፕ፥ በ2010 ቫይበር፥ በ2013 ቴሌግራም ተከታትለው መጡ። ዋትስአፕ በ2016 የቪዲዮ ጥሪን ከጨመረ ወዲህ፥ በሚኒሶታ የሚኖር ልጅ በወለጋ ወይም በሸዋ ላለች እናቱ ፊቱን እያሳየ ይናገራል፤ እናቲቱም ስልኩን ከፊቷ አጠገብ አብዝታ ስለምታቀርበው እርሱ ብዙ ጊዜ የሚያየው ግንባሯን ብቻ ነው። ቢሆንም ደስ ይለዋል። አያቶች በሌላ አገር የተወለደውን የልጅ ልጃቸውን በዚሁ መስኮት ይባርካሉ። እንደዚህ ያለውን ነገር የሚንቅ ሰው፥ ዝምታ ምን ያህል እንደሚከብድ ያላየ ይመስለናል። በትግራይ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ፥ ከዚያ ውጭ የነበሩ ልጆች ወላጆቻቸው በሕይወት መኖራቸውን እንኳ ሳያውቁ ከርመዋል። መስመሩ በተከፈተ ጊዜ ደውለው የሞተ ሰው ስም የሰሙ ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ «የት ነህ?» ብሎ ለመጠየቅ መቻል ቀላል ስጦታ አይደለም።

አሁን ስለ መሣሪያው ጥቂት እንናገር። ብዙ ሰዎች «ሳተላይቱ ያየናል» ሲሉ እንሰማለንና፥ ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ጂፒኤስ የተባለው ሥርዓት ቢያንስ 24 ሳተላይቶች ያሉት ሲሆን፥ እነርሱም ከምድር 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ። የሚያደርጉትም ሰዓታቸውንና ራሳቸው ያሉበትን ስፍራ በራዲዮ መናገር ብቻ ነው። ስልካችን ከአራቱ ወይም ከዚያ ከሚበልጡት የሚመጣውን ድምፅ ይሰማና፥ የእያንዳንዱ መልእክት ለመድረስ ከወሰደው ጊዜ ርቀቱን አስልቶ «እኔ እዚህ ነኝ» ይላል። ሳተላይቱ እኛን አያውቀንም፤ ስማችንንም አልሰማም። ያለንበትን ለሌላ ሰው የሚናገረው በኪሳችን ያለው ስልክ ነው፤ የሚናገረውም እኛ ወይም ስልኩን በእጁ ያገኘ ሰው ፈቃድ ስለ ሰጠው ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። ጥያቄያችን በሰማይ ስላለው ብረት ሳይሆን፥ በአንድ ቤት ውስጥ ስለሚኖሩ ሰዎች እንደ ሆነ ያሳያልና።

አንድ ሌላ ነገርም እንጨምር። ስልኩ ያለንበትን ስፍራ በካርታ ላይ በነጥብ ሲያሳይ፥ በነጥቧ ዙሪያ ብዙ ጊዜ ፈዘዝ ያለ ክብ ይሥላል። ትርጕሙም «ሰውየው በዚህ ክብ ውስጥ አንድ ቦታ ይገኛል፤ በትክክል የቱ ጋ እንደ ሆነ ግን አላውቅም» ማለት ነው። ከሰማይ በታች በሜዳ ላይ ክቡ ትንሽ ነው። በቤት ውስጥ፥ በፎቅ መካከል፥ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ሲሆን ክቡ ይሰፋል። መሣሪያው አለማወቁን በታማኝነት ይናዘዛል፤ የሚያየው ሰው ግን ነጥቧን እንጂ ክቡን አያነብም።

እኛ የምናውቃት አንዲት መበለት እናት አለች። ሴት ልጅዋ በቤሩት በሰው ቤት ለመሥራት ሄደች። እንደዚህ ያለች ሴት በደረሰችበት አገር የመንገዱን ስም አታነብም፥ ቋንቋውንም ገና አታውቅም፤ «አድራሻሽ የት ነው?» ብትባል የምትመልሰው የላትም። ፓስፖርትዋም ብዙ ጊዜ በአሠሪዋ እጅ ነው። ይህች ልጅ በገባች በመጀመሪያው ሌሊት፥ የቤቱን ኢንተርኔት ባገኘች ጊዜ፥ ያለችበትን ስፍራ ለወንድሟ በስልክ ላከች፤ ሳይቋረጥም እንዲታይ አደረገችው። ከዚያ በኋላ እናቲቱ በየማታው ከጸሎት በፊት ልጅዋን «ሳይ ልደር» ትል ነበር፤ የምታየውም በማታውቀው ከተማ ካርታ ላይ ያለችውን ነጥብ ነው። ይህን ማን ሊነቅፍ ይችላል? ያቺ ነጥብ ለልጅቱ በባዕድ አገር ያለች ብቸኛ ምስክርዋ ነበረች። ክፉ ቢያጋጥማት «እዚህ ቤት ናት» ብሎ የሚናገርላት ሌላ ማንም አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 4 ቀን 2020 ከምሽቱ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ የቤሩት ወደብ ፈነዳ። ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፥ የከተማይቱም መስኮቶች ረገፉ። ወሬው በእኛ አገር በተሰማ ጊዜ እናቲቱ ስልኩን ከልጅዋ ወንድም እጅ ነጥቃ ነጥቧን ፈለገች። ነጥቧ በነበረችበት ነበረች። አልተንቀሳቀሰችም። ከሥርዋም ከጥቂት ጊዜ በፊት የታየች መሆኗ ተጽፏል። ያን ጊዜ ነው እናቲቱ ቀድሞ ያላሰበችውን ያስተዋለችው፤ ነጥቧ ስልኩ ያለበትን እንጂ ልጅዋ በሕይወት መኖሯን አትናገርም። በፍርስራሽ ሥር ያለ ስልክም እንደዚሁ ያበራል። እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ያችን የቆመች ነጥብ እያየች ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ የድምፅ መልእክት መጣ፤ ርዝመቱ ጥቂት ሰከንድ ነው፤ «እማዬ፥ አለሁ፤ አታልቅሺ» የሚል ብቻ ነበር። እናቲቱ መልእክቱን እስከ ዛሬ ድረስ አልደመሰሰችውም።

ይህን ታሪክ የጻፍነው ከሚቀጥለው ጋር እንዲነጻጸር ነው። በሌላ ጊዜ በአንድ ባልና ሚስት መካከል ለሽምግልና ተቀምጠን ነበር። ባልየው ትጉህ ሠራተኛ፥ በማኅበርም የታወቀ ሰው ነው። በተጋቡ በሁለተኛው ወር የሚስቱን ስልክ ተቀብሎ ያለችበት ስፍራ ሁል ጊዜ እንዲታየው አድርጎ መለሰላት። እርስዋም ለሰላም ብላ ዝም አለች። በሽምግልናው ፊት ሲናገር «አባቶቼ፥ እኔ ስለምወዳት ነው የማያት፤ አንድ ነገር ብትሆንብኝስ?» አለ። ጠቡ የተነሣው ግን እንዲህ ነው። ሚስቲቱ የሟች ጎረቤት ለቅሶ ቤት ሄዳ በድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ሳለች፥ ነጥቧ በስልኩ ላይ ከለቅሶ ቤቱ ጎን ካለው ሆቴል ላይ ዐረፈች። ባልየው ደወለ፤ እርስዋም በለቅሶ መካከል ስልክ ማንሣት ነውር ስለ ሆነ አላነሣችም። እየሮጠ መጥቶ በለቅሶተኛው ፊት ጠራት። ለቅሶ ላይ እንደ ነበረች በዐይኑ ካየም በኋላ «ታዲያ ሆቴሉ ጋ ምን ታደርጊ ነበር?» ብሎ ጠየቃት። እርስዋ ከሆቴሉ ደጅ አልደረሰችም። ነጥቧ ግን ደርሳ ነበርና፥ እርሱ ከሚስቱ ይልቅ ነጥቧን አመነ።

እንግዲህ በሁለቱም ታሪክ መሣሪያው አንድ ነው፤ ካርታውም ነጥቡም አንድ ነው። የሁለቱም አፍ «ስለምወዳት ነው» ይላል። ልዩነቱ ወዴት አለ? ለረጅም ጊዜ ያሰብንበት ይህ ነው።

አንዳንዶች «ልዩነቱ በልብ ነው፤ እናቲቱ በፍቅር፥ ባልየው በቅንዓት አየ» ይላሉ። ይህ እውነት ቢሆንም የሚረዳን ጥቂት ነው፤ ቅንዓት ራሱን ፍቅር ብሎ ስለሚጠራ፥ ባልየውም ልቡን ቢመረምር ያገኘው የመሰለው ፍቅርን ነበርና። እኛ ይልቅ ከሚያየው ሰው ወደሚታየው ሰው ዞረን ብንጠይቅ የሚሻል ይመስለናል። ያቺ ልጅ ስፍራዋን የላከችው ራስዋ ናት፤ ልታጠፋው በፈለገች ጊዜ ብታጠፋው እናትዋ ታዝን ይሆናል እንጂ አትቀጣትም። ያቺ ሚስት ግን አልላከችም፤ ተወሰደባት። ብታጠፋው ማጥፋትዋ ራሱ እንደ በደል ማስረጃ ይቈጠርባታል። «ለምን አጠፋሽ? የምትሸሽጊው ምን አለ?» ትባላለች። «እምቢ» ለማለት የማይቻልበት «እሺ» የፈቃድ ቃል አይደለም። እግዚአብሔር እንኳ አዳምን በጠየቀው ጊዜ ከዛፉ ሥር ጎትቶ አላወጣውም።

በዚህ ላይ የሚነሣ ጥያቄ እንዳለ እናውቃለን፤ «ክፉ የማይሠራ ሰው ቢታይ ምን ይጎዳዋል?» የሚል ነው። በእኛ ማኅበር ውስጥም ከሽማግሌዎች አንዱ እንዲህ ብሏል። የጌታችን ትምህርት ግን ለዚህ መልስ አለው። ስለ ምጽዋትና ስለ ጸሎት ባስተማረ ጊዜ፥ በስውር እንዲደረጉ፥ የቤቱም ደጅ እንዲዘጋ አዘዘ። ይህ ለክፉ ሥራ የተሰጠ መሸሸጊያ አይደለም፤ በጎ ሥራም ከሰው ዐይን ርቆ አብ ብቻ የሚያየው ስፍራ ያስፈልገዋል ማለት ነው። አንድ ዲያቆን በቅዳሜ ማለዳ ለተቸገረ ቤት ጤፍ አድርሶ ለማንም ሳይናገር ይመለስ ነበር እንበል። ዛሬ ልጆቹና ወንድሞቹ ሁሉ ነጥቡን ሲያዩት፥ ቀኝ እጁ የሚሠራውን ግራ እጁ ብቻ ሳትሆን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። የተቸገረው ሰው ቤትም ይታወቃል። ይህ የመጨረሻው እጅግ ከባድ ነው፤ የእኔ ነጥብ የእኔ ብቻ አይደለችምና። መጋቢ ኃጢአቱን ሊናዘዝ ወደ ጠራው ሰው ቤት ሲሄድ፥ ወይም ሐኪም በሽታው እንዲታወቅበት ወደማይወድ ሰው ሲገባ፥ የአንዱ ስፍራ የሌላውን ምስጢር ይገልጣል። የኑዛዜን ምስጢር መጠበቅ ቀላል ያልሆነባት ቤተ ክርስቲያን፥ በአገልጋዮችዋ ኪስ ውስጥ ስላለው ነገር ልታስብ ይገባታል።

በመጽሐፍ ቅዱስ የኖኅን ልጆች ታሪክ እናስታውስ። አባታቸው በድንኳኑ ውስጥ ተገልጦ በተኛ ጊዜ አንዱ ልጅ አየ፥ ወጥቶም ተናገረ። ሁለቱ ግን ወደ ኋላ እየሄዱ፥ ፊታቸውን አዙረው፥ ልብስ አለበሱት። ለማየት ሙሉ ሥልጣን ነበራቸው፤ ደጁ ክፍት ነበር፥ አባታቸውም አይነቃም። ላለማየት መረጡ። የተባረከውም ይህ ነው። ዛሬ ስልካችን ደጁን ሁሉ በከፈተበት ዘመን፥ ፊትን አዙሮ ወደ ኋላ የመሄድ ጥበብ ከማየት ጥበብ ይልቅ የሚከብድ ሆኗል።

ያዕቆብም አለ። ዮሴፍን ወንድሞቹን እንዲጎበኝ ወደ ሴኬም ላከው፤ እነርሱ ግን ወደ ዶታይን ሄደው ነበር፤ ልጁም በሜዳ ሲቅበዘበዝ አንድ ሰው መንገዱን አሳየው። ከዚያ በኋላ የደረሰበትን እናውቃለን። ለአባቱ ምልክት ላኩለት፤ ምልክቱም ውሸት አልነበረም። ቀሚሱ በእርግጥ የዮሴፍ ቀሚስ ነው፤ ደሙም በእርግጥ ደም ነው፤ የፍየል ደም ቢሆንም። ያዕቆብ ምልክቱን በትክክል አየ፥ ትርጕሙን ሳተ፥ ልጁ በሕይወት ሳለ ረጅም ዘመን አለቀሰለት። ያ ባልም ከለቅሶ ቤቱ ጎን ያለውን ሆቴል በትክክል አይቶ ነበር።

ስለዚህ በልባችን የትንሹን ካቴኪዝም ትምህርት እናንቀሳቅስ። ማርቲን ሉተር በ1529 ባወጣው በዚያ መጽሐፍ፥ በእኛ አቈጣጠር ስምንተኛ የሆነውን ትእዛዝ፥ በሐሰት አትመስክር የሚለውን ሲያብራራ፥ ከሐሰት ምስክርነት መራቅን ብቻ አላስተማረም፤ የባልንጀራን ሥራ በመልካም ወገን መተርጐምንም ጨመረ። ይህ ትምህርት ለስልክ ዘመን የተጻፈ ይመስላል። ዋትስአፕ ከ2014 ጀምሮ መልእክታችን መነበቡን በሁለት ሰማያዊ ምልክቶች ይነግረናል። እናቲቱ ሰማያዊውን ምልክት አይታ «ልጄ አንብቦ ናቀኝ» ትላለች፤ ልጁ ግን በሥራ ላይ ሆኖ በአሠሪው ዐይን ሥር በጨረፍታ አይቶ ኪሱ ከትቶት ይሆናል። ሁለቱ ምልክቶች የሚናገሩት መልእክቱ መከፈቱን ነው፤ የቀረውን ሁሉ የምንጽፈው እኛ ነን። ባልንጀራችንን በመልካም ወገን የምንተረጕመው ወይም በሐሰት የምንመሰክርበት በዚያ ባዶ ስፍራ ላይ ነው። ሐሰተኛ ምስክርነቱ በአፍ ባይነገር እንኳ በልብ ተጽፎ ይታተማል።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ኃጢአትም እንናገር፤ አለዚያ ተጠራጣሪውን ብቻ የነቀፍን እንመስላለን። «መንገድ ላይ ነኝ» የሚለው ቃል በከተማችን ምን ያህል ጊዜ ከአልጋ ላይ እንደሚነገር ሁሉ ያውቃል። «ደርሻለሁ፤ ደጁ ጋ ነኝ» የሚለውም ታክሲ ሳይያዝ ይነገራል። በዚህ ትንሽ ውሸት ምክንያት ብዙ ሰው «ቃልህ በቂ አይደለም፤ ሎኬሽን ላክ» ማለት ጀምሯል። የሰው ቃል ሲረክስ መሣሪያው ይከብራል። ስለዚህ ለመታመን የምንወድ ከሆንን ከአልጋ ላይ ሆነን «አልጋ ላይ ነኝ፤ ግማሽ ሰዓት ያቈየኛል» ማለትን እንማር። ነገር ግን በተገደደ እውነት የተያዘ ሰው እውነተኛ ሆነ አንበል። ውሸቱ ከአፉ ወደ ሌላ ስፍራ ይሸሻል፤ ስልኩን በጓደኛው ቤት ትቶ የሚሄድ ወጣትን ወላጆቹ ከቀድሞው ይልቅ አጥተውታል።

ስለ ልጆች ብዙዎች ይጠይቁናል። ጌታ ኢየሱስ በ12 ዓመቱ በኢየሩሳሌም በቀረ ጊዜ፥ ማርያምና ዮሴፍ ከመንገደኞች ጋር የሚሄድ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ተጓዙ፤ ከዚያም ተመልሰው በሦስተኛው ቀን በመቅደስ አገኙት። እኛ ይህን ስናነብ ሁል ጊዜ የሚያስደንቀን የመጀመሪያው ቀን ነው። ልጃቸው በዐይናቸው ሥር ሳይሆን አንድ ቀን ሙሉ ተጓዙ፤ ዘመድና ወዳጅ ያያል ብለው ታመኑ። ዛሬ አንድ ቀን ቀርቶ አንድ ሰዓት ይበዛብናል። ትንሽ ልጅ ትምህርት ቤት ሲሄድና ሲመለስ መከታተል የወላጅ ሥራ ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ይሁን እንጂ ልጁ እንደሚታይ ይነገረው፤ ሳያውቅ የሚታይ ልጅ ባወቀ ቀን ከስልኩ አስቀድሞ እናቱንና አባቱን ይተዋል። ዕድሜውም ሲጨምር እይታው ይቀንስ። 18 ዓመት የሞላውን ልጅ በነጥብ የሚከተል አባት፥ ገና ያልጡት ልጅ እንዳለው ያህል ነው።

ስለ ባዕድ ሰው ዐይን ጥቂት ብቻ እንበል። ዋትስአፕ ከ2016 ጀምሮ መልእክቱን በላኪው ስልክ ቈልፎ በተቀባዩ ስልክ ብቻ ይከፍታል፤ ኩባንያው ራሱ ጽሑፉን አያነብም። ቴሌግራም ግን ይህን የሚያደርገው ምስጢራዊ ውይይት ተብሎ ለብቻው በሚከፈተው ብቻ ነው፤ በተለመደው ውይይትና በቡድን አያደርገውም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅምና ይወቀው። ነገር ግን ቍልፉ ሁሉ ከሩቅ ሰው ይጠብቃል እንጂ፥ ስልኩን ከእጃችን ከሚወስደው ከቅርብ ሰው አይጠብቅም። ብዙው ጭንቅ የሚመጣውም ከሩቅ አይደለም።

መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው አንድ ነገር ሳይረዱ አልቀሩም። ዋትስአፕ በ2017 የቀጥታ ስፍራን ማሳየት በጨመረ ጊዜ፥ ላኪው ሦስት ጊዜያትን ይመርጥ ዘንድ ሰጠ፤ 15 ደቂቃ፥ 1 ሰዓት ወይም 8 ሰዓት። ከዚያ በኋላ በራሱ ይጠፋል፤ እንደ ገና ለማብራት እንደ ገና መፍቀድ ያስፈልጋል። ሌሎች ደግሞ ያለ ገደብ የሚያበሩ አሉ። እኛ የመጀመሪያውን እንወዳለን። በሌሊት ለምትሄድ እኅት 1 ሰዓት ይበቃታል፤ ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ አባት 8 ሰዓት ይበቃዋል። መንገዱ ሲያልቅ እይታውም ያልቃል፤ በሚቀጥለው ጊዜ እንደ ገና መጠየቅ፥ እንደ ገናም መልስ መቀበል ይኖራል። ፈቃድ እንደ መና ነው፤ የትናንቱ ለዛሬ ሲቀመጥ ይሸታል።

በእግዚአብሔር እይታ ሥር መኖርን ከዚህ ጋር የሚያመሳስሉም አሉ፤ «እርሱ ሁሉን ያይ የለምን? ታዲያ በሰው መታየት ምን ያስፈራል?» ይላሉ። እግዚአብሔር ሁሉን ያያል፤ አዎን። ነገር ግን እርሱ ስናሳዝነው አይቶ፥ በለቅሶተኛ ፊት አይጠራንም። ነጥባችንን ብቻ ሳይሆን ወደዚያ የሄድንበትን ምክንያት፥ ያልተነገረውን ድካማችንንም ያያል፤ አይቶም ይሸፍናል፥ ይቅር ይላል። ሰው የሚያየው ስፍራውን ብቻ ነው። ያለ ይቅርታ የሚያይ ዐይን፥ ያለ እውቀትም የሚፈርድ ልብ በአንድነት ሲገኙ፥ የእግዚአብሔርን ዙፋን ያለ እግዚአብሔር ምሕረት መያዝ ይሆናል። የቤት አባት ወይም ባል ይህን ዙፋን እንዲይዝ በየትኛውም ስፍራ አልታዘዘም።

ያ ባል በሽምግልናው መጨረሻ ሽማግሌዎች ያሉትን ሰማ። ስልኩን ለሚስቱ መልሶ በፊታችን እይታውን አጠፋው። በሦስተኛው ሳምንት ግን ወደ አንዱ ሽማግሌ ቤት መጥቶ እንዲህ አለ፤ «አባቴ፥ ሌሊት እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። እርስዋ አጠገቤ ተኝታ ሳለች ነጥቧን እፈልጋለሁ።» ሽማግሌውም ከእርሱ ጋር ጸለዩና «ስትነቃ ጠይቃት» አሉት። አሁንም ይህ ቤት ሙሉ በሙሉ ዳነ ብለን አንናገርም፤ ሚስቲቱ ገና ስልኩ ሲጮኽ ትደነግጣለች።

ስለዚያች ስለ ቤሩት ልጅም የቀረ ነገር አለ። ከፍንዳታው ሁለት ዓመት በኋላ አሠሪ ለውጣ፥ ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ሴቶች ጋር ቤት ተከራይታ ትኖር ጀመር። አንድ ቀን ለእናትዋ ደውላ፥ «እማዬ፥ ሎኬሽኑን ላጠፋው ነው፤ አሁን ቤቱ የራሴ ነው» አለቻት። እናቲቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም «አጥፊው፥ ልጄ፤ ማታ ስትገቢ ግን ድምፅሽን አሰሚኝ» አለች። ልጅቱም እስከ ዛሬ ድረስ ከሥራ ስትመለስ ደረጃውን እየወጣች ትደውላለች፤ እናቲቱም የእግርዋን ኮቴ እየቈጠረች ትሰማለች።